«ሊኑክሳችሁን አንደግፍም» ሲሏችሁ፦ ከሃይፐርቫይዘር አምራች እርዳታ ማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሐዋሳ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ አልነሳ አለ። ዩፒኤሱ ትንሽ ታገለና ደከመ። ሰርቨሩ ወደቀ። እስከዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም። ጉዱ የመጣው መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከስድስቱ ቨርቹዋል ማሽኖች ሮኪ ሊኑክስ የሚባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለባቸው አራቱ ከኔትወርክ ይጠፋሉ፤ ደግሞ ይመለሳሉ። የሂሳብ ክፍል ሰዎች በየአሥር ደቂቃው በራችንን ያንኳኳሉ።

ለሃይፐርቫይዘሩ፣ ማለትም አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማሽን ለሚያካፍለው ሶፍትዌር፣ ላይሰንስ ከፍለናል። የሳፖርት ውላችንም አላለቀም። ቲኬት፣ ማለትም የእርዳታ ጥያቄ፣ ከፈትን። በማግሥቱ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር፦ «የምትጠቀሙበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከምንደግፋቸው ውስጥ የለም። ቲኬቱን ዘግተነዋል።»

ተናደድን። ነገሩ ሲበርድልኝ ግን ግማሹ ጥፋት የእኛ እንደነበር ገባኝ። ቲኬቱን አስተካክለን እንደገና ስንከፍተው በአምስት ቀን ተፈታ። ሰዎቹ ያው፣ ሊኑክሱም ያው። የተለወጠው ያቀረብንበት መንገድ ብቻ ነው። መንገዱን ከነዝርዝሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ የማን ድጋፍ ነው የምትፈልጉት?

የቤት ኪራይ አስቡ። ጣራው ካፈሰሰ አከራዩ ይጠግናል። ፍሪጃችሁ ከተበላሸ ግን አከራዩን አትጠሩም። የሃይፐርቫይዘሩ አምራች አከራይ ነው። ፍሪጁ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ የጫናችሁት ሊኑክስ ነው። «አይደገፍም» የሚል መልስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «ይህ የፍሪጅ ችግር ይመስለናል» ነው። ሥራችሁ ውኃው ከጣራ እንደሚወርድ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ አንድ ነገር መዘጋጃ ነው።

በማኅበረሰብ የሚመሩ ሲስተሞች ላይ ችግሩ የሚከረው ከፍሪጁ ጀርባ የሚጠራ ኩባንያ ስለሌለ ነው። ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ እዚህ ደርሷል። ሮኪ ሊኑክስና አልማሊኑክስ ሁለቱም በ2021 ወጡ። ምክንያቱን ታስታውሱ ይሆናል፤ የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት በታኅሣሥ 2020 በፈረንጆቹ፣ በነጻ ይሰጥ የነበረው ሴንቶስ 8 በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ያበቃል ብሎ አወጀ። ሴንቶስ 7 ደግሞ በሰኔ 2024 አበቃ። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ሴንቶስ 7 የሚሮጥ ሰርቨር አለ። የእናንተ ከነዚያ አንዱ ከሆነ፣ ከዚህ መመሪያ በፊት ያንን ቀይሩ። ጊዜው ላለፈበት ሲስተም የትኛውም አምራች አይሟገትላችሁም።

ዝርዝሩን ፈልጋችሁ በደንብ አንብቡ

ዝርዝሩ ማለት አምራቹ የሚደግፋቸው ሲስተሞች የተጻፉበት ሰነድ ነው። የሃይፐርቫይዘር አምራቹ ቪኤምዌር በኅዳር 2023 በፈረንጆቹ በብሮድኮም ከተገዛ ወዲህ ዝርዝሩ፣ ማለትም የተኳኋኝነት መመሪያው፣ የሚገኘው በብሮድኮም ድረ ገጽ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ ለሚባለው ሃይፐርቫይዘሩ የሚደገፉ የሊኑክስና የፍሪቢኤስዲ ስሪቶችን በራሱ ሰነዶች ውስጥ ይዘረዝራል። ልብ በሉ፤ ዴቢያንና ፍሪቢኤስዲ ሁለቱም የማኅበረሰብ ሥራ ናቸው፣ ሁለቱም እዚያ አሉ። ስለዚህ «የማኅበረሰብ ነው» ማለትና «አይደገፍም» ማለት አንድ አይደለም። እኛም ይህን ሳናጣራ ነበር የተናደድነው።

ዝርዝሩን ስታዩ የሲስተሙን ስም አግኝቶ መሄድ አይበቃም። የእናንተ የሃይፐርቫይዘር ስሪት ከእናንተ የሊኑክስ ስሪት ጋር በአንድ መስመር ላይ መገናኘት አለበት። ስሙ ኖሮ ስሪቱ ላይኖር ይችላል። ከጎኑ ያለውን ቃልም እዩ። ቪኤምዌር ላይ «የሚደገፍ» አለ፣ «ለሙከራ የቀረበ» አለ፣ «ሊወጣ የተቃረበ» አለ፣ «የተቋረጠ» አለ። እኩል አይደሉም። «ለሙከራ» የተባለውን ይዛችሁ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሲስተም አትጫኑ።

ሌላ ወጥመድ አለ። ቨርቹዋል ማሽን ከቴምፕሌት (ከተዘጋጀ ናሙና) ስታባዙ ስሙንና የአይፒ አድራሻውን በራሱ የሚቀይርላችሁ አገልግሎት ቪኤምዌር ላይ የራሱ የተለየ የድጋፍ ሰንጠረዥ አለው። ሲስተሙ በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ያ አገልግሎት የሊኑክሱን ማንነት ከሲስተም ፋይሎች አንብቦ ነው የሚሠራው። የማያውቀው ስም ካገኘ ይቆማል። ያንን ፋይል በእጅ ቀይረው ሬድ ሃት የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። ይሠራል። ግን አፕዴት ሲመጣ ፋይሉ ሊመለስባችሁ ይችላል፤ ያኔ ለምን እንደቆመ ማንም አያስታውስም።

ሲስተማችሁን ዝርዝሩ ላይ ካገኛችሁት ገጹን በፒዲኤፍ አስቀምጡ፣ ቀኑን ጻፉበት። ዝርዝሩ ይለዋወጣል። ውል ስታድሱ ያንን ወረቀት ታወጣላችሁ።

ፕሮክስሞክስ የሚባለውን ሃይፐርቫይዘር የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል። ከሥሩ ያለው ዴቢያንና የሊኑክስ የራሱ ሃይፐርቫይዘር ኬቪኤም ነው። አሠራሩም ለማኅበረሰብ ሲስተሞች እንግዳ አይደለም። ግን ደንበኝነት ስትገዙ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው እርከን የተፈተሸውን የአፕዴት ማከማቻ እንጂ የቲኬት መብት አይሰጥም። ቲኬት የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ቢሯቸው ቪየና ስለሆነ የሥራ ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚለየው። ሌሊት ስልክ መጠበቅ ለሰለቸው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማሽኑን ዝርዝሩ እንደሚለው አዋቅሩት

እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ሲፈጠር የሲስተሙ ዓይነት ይጠየቃል። ማን እንደሞላው አላውቅም፣ «ሌላ ሊኑክስ፣ 64 ቢት» ተብሎ ተሞልቷል። ምናልባት እኔ ነኝ። ለሳፖርት ሠራተኛው መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ እያለ «ሌላ» ብላችሁ ከመረጣችሁ፣ እናንተው ራሳችሁ ከዝርዝሩ ወጥታችኋል። ምርጫው ለስም ብቻ አይደለም። ነባሪው የኔትወርክ ካርድና የዲስክ መቆጣጠሪያ ዓይነት የሚወሰነው በእሱ ነው።

ቪኤምዌር ላይ የኔትወርክ ካርዱን ቪኤምኤክስኔት3 አድርጉት። ድራይቨሩ ከሊኑክስ ከርነል ጋር ስለሚመጣ የምትጭኑት ነገር የለም። ከዚያ ሊኑክሱን ከሃይፐርቫይዘሩ ጋር የሚያግባባውን ኦፕን ቪኤም ቱልስ የሚባለውን ጥቅል ከሊኑክሱ የራሱ ማከማቻ ጫኑ። ከሃይፐርቫይዘሩ ጋር የሚመጣውን አሮጌ የሲዲ ፋይል አትፈልጉ፤ ራሱ ቪኤምዌርም ለሊኑክስ የሚመክረው የማከማቻውን ነው። ሃይፐር-ቪ ላይም ማይክሮሶፍት ድራይቨሮቹን ከ2009 ጀምሮ ለሊኑክስ ከርነል ስለሰጠ ዋናው ሥራ አልቋል።

ሃይፐር-ቪ ላይ የሁለተኛ ትውልድ ማሽን ስትፈጥሩ ግን ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ፣ ለዊንዶውስ ተዋቅሮ ነው የሚመጣው። ሊኑክሱ አይነሳም። ቴምፕሌቱን «ማይክሮሶፍት ዩኢኤፍአይ ሰርተፍኬት ኦቶሪቲ» ወደሚለው ቀይሩት። ሴኪዩር ቡትን ጨርሶ የሚያጠፋ ብዙ ሰው አለ። አያስፈልግም።

ሲፒዩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አገራችን ውስጥ ያገለገለ ሰርቨር ብዙ ነውና። የሬድ ሃት 9ኛ ስሪትና እሱን ተከትለው የሚሠሩት ሮኪ 9 እና አልማ 9 ሲፒዩው ኤክስ86-64 ቪ2 የሚባለውን ደረጃ እንዲያሟላ ይጠይቃሉ። 10ኛው ስሪት ደግሞ ወደ ቪ3 ከፍ ብሏል። የኢንቴል ሲፒዩ ከሆነ ቪ3ን የሚያሟሉት በ2013 ከወጣው ሃዝዌል ወዲህ ያሉት ናቸው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሰርቨር ላይ ሮኪ 10 ገና ሲነሳ ይሞታል። አልማሊኑክስ ለዚህ ብሎ 10ኛውን ለቪ2 ለብቻው አዘጋጅቷል።

ተንኮሉ ያለው ሲፒዩው አዲስ ሆኖም ይህ ሊደርስ መቻሉ ላይ ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ለቨርቹዋል ማሽኑ የሚያሳየው ሲፒዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ ፕሮክስሞክሶች «ኬቪኤም64» የሚባል እጅግ አሮጌ ዓይነት ያሳዩ ነበር። ቪኤምዌር ላይ ደግሞ ኢቪሲ የሚባለው የክላስተር ቅንብር አዲሱን ሲፒዩ አሮጌ ያስመስለዋል። ሊኑክሱ የማይነሳ ከሆነ ቲኬት ከመክፈታችሁ በፊት ይህንን እዩ። ከመክፈታችሁ በፊት ያልኩት ሳፖርቱም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ሎጉ ከመብራቱ ጋር እንዳይጠፋ

የቪኤምዌርን ሃይፐርቫይዘር ኢኤስኤክስአይን በፍላሽ ወይም በኤስዲ ካርድ ላይ ጭናችሁ የሎግ (የክስተቶች መዝገብ) ቦታ ካላዘጋጃችሁለት፣ ሎጉ የሚቀመጠው ሜሞሪ ላይ ነው። መብራት ጠፋ ማለት ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሎግ ማስቀመጫውን ወደ ዲስክ ውሰዱት፤ ካልሆነም ሎጉ ወደ ሌላ ማሽን እንዲላክ አድርጉ። በሊኑክሱም በኩል የጆርናል መዝገቡ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ሬድ ሃትን በሚከተሉት ላይ ጆርናሉ በነባሪ ከሪስታርት በኋላ አይቆይም።

ችግሩ ሲደርስ ሁለት ጥቅል ሰብስቡ። አንዱ ከሃይፐርቫይዘሩ ነው፤ ኢኤስኤክስአይ ላይ ቪኤም-ሰፖርት የሚባለው ትእዛዝ ይሠራላችኋል። ሌላው ከሊኑክሱ ውስጥ ነው፤ ሮኪና አልማ ላይ ኤስኦኤስ ሪፖርት ይባላል። ሁለቱም በተቻለ መጠን ከሪስታርት በፊት ይሰብሰቡ። ጥቅሉ ትልቅ ነው። ቀን ላይ ከቢሮ ለአምራቹ መላክ ከጀመራችሁ አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሳ በልታችሁ ትመለሳላችሁ፤ እሱ ገና ግማሽ ላይ ነው። ሌሊት ላይ ላኩት።

ሰዓቱን አስተካክላችሁ ጻፉ

ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ እኛ ግን ሁለት ቀን አቃጥሎብናል። ቲኬቱ ላይ «4 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» ብለን ጻፍን። ሠራተኛው በሎጉ ላይ 4 ሰዓትን ፈለገ። ምንም የለም። የኢኤስኤክስአይ ሎግ የሚጻፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው፤ እኛ ደግሞ በሐበሻ ሰዓት ነው የምናወራው።

ቀመሩ ቀላል ነው፤ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ደምሩ። የማታና የሌሊት ሰዓት ከሆነ 12 ጨምሩበት፤ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ጠዋት 4 ሰዓት በዩቲሲ 7፡00 ነው። ማታ 4 ሰዓት 19፡00 ነው። ሌሊት 8 ሰዓት 23፡00 ነው፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ በዩቲሲ ቀኑ ገና አልተቀየረም። ቀኑንም በፈረንጆቹ አድርጉት። የሊኑክሱ ጆርናል በአካባቢ ሰዓት ስለሚያሳይ ሁለቱን ሎጎች ስታስተያዩ የሦስት ሰዓት ልዩነት እንዳያሳስታችሁ።

ዋናው ነገር፦ ችግሩን በሚደገፍ ሲስተም ላይ አሳዩ

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ሥሩ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። በዚያው ሰርቨር ላይ፣ በዚያው ኔትወርክ ላይ፣ ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ያለ ሲስተም ጫኑ። ኡቡንቱ ኤልቲኤስ በነጻ ይገኛል። ሬድ ሃትም የሙከራ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለግለሰብ ዴቨሎፐሮችም እስከ 16 ማሽን ያለክፍያ ይፈቅዳል። ሮኪ ሬድ ሃትን እስከነስህተቱ ለመምሰል የሚሠራ ስለሆነ የሁለቱ ንጽጽር በተለይ ይጠቅማል። አዲሱን ማሽን ልክ እንደተበላሸው አዋቅሩት፤ ያው የካርድ ዓይነት፣ ያው ቪላን፣ ያው የዲስክ መቆጣጠሪያ። ከዚያ እንደተበላሸው አሠሩት። ባዶውን አስቀምጣችሁ «ደህና ነው» ብትሉ ምንም አላረጋገጣችሁም።

ችግሩ እዚያም ከታየ ጣራው ነው የሚያፈስሰው። አምራቹ መሸሻ የለውም። ካልታየ ደግሞ ጥሩ ነገር አወቃችሁ። ጉዳዩ ከሊኑክሱ ነው፤ ወደ ሮኪ ወይም ወደ ዴቢያን የችግር መዝገብ ውሰዱት። እዚያ ያሉ ሰዎች ደመወዝ ባይከፈላቸውም ከብዙ የሳፖርት ዴስክ በላይ ያውቃሉ።

በእኛ ጉዳይ ኡቡንቱ ስንጭን በግማሽ ሰዓት ውስጥ እሱም ተቋረጠ። ሁለቱ ዊንዶውሶች ያልተነኩ የመሰሉን ማንም ስላልተጠቀመባቸው ነበር። ትልቅ ፋይል ስናስተላልፍባቸው እነሱም ጠፉ። የሰርቨሩ ኔትወርክ ካርድ ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) እና የሃይፐርቫይዘሩ ድራይቨር አልተግባቡም። ሮኪ ምንም አላጠፋም። ስሙ ግን ለሳምንት ጠፍቶ ነበር።

ቲኬቱ ምን ይምሰል?

በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፉት፤ ይዘቱ ግን እንዲህ ይሁን፦

«በአንድ ሰርቨር ላይ ያሉ ሁሉም ቨርቹዋል ማሽኖች ትራፊክ ሲበዛ ከኔትወርክ ይቋረጣሉ። ችግሩ በዝርዝራችሁ ውስጥ ባለው ኡቡንቱ ላይ ታይቷል። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይም ታይቷል። በሮኪ ላይም አለ። ማሽኖቹን ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ስናዛውራቸው ይጠፋል። የመጨረሻው መቋረጥ የደረሰው በዚህ ቀን በዩቲሲ 7፡12 ነው። የሃይፐርቫይዘሩ ስሪትና የቢልድ ቁጥር ይኸው። የካርዱ ሞዴል፣ የድራይቨርና የፈርምዌር ስሪት ይኸው። ሎጉ ተያይዟል። 40 ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል።»

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። የሚደገፈው ሲስተም ከፊት ነው። ሮኪ አልተደበቀም፤ ግን አርእስት አልሆነም። ስለ ሲስተሙ አትዋሹ። ቱልስ የተጫነበት ማሽን ትክክለኛ ስሙን ለሃይፐርቫይዘሩ ያሳውቃል፣ ሎጉ ላይም ይገኛል። አንዴ ከዋሻችሁ ቀጣዩ ቲኬታችሁም አይታመንም። የአሳሳቢነት ደረጃውንም አታጋንኑ። ሥራ ካልቆመ ከፍተኛውን አትምረጡ።

አካውንታችሁንም ቀድማችሁ አዘጋጁ። ብሮድኮም ላይ ቲኬት ለመክፈት አካውንቱ ከድርጅታችሁ የሳይት መለያ ቁጥር ጋር መያያዝ አለበት። ላይሰንሱን የገዛው ሰው ሥራ ለቆ አካውንቱ በግል ኢሜይሉ የቀረበት መሥሪያ ቤት አውቃለሁ።

አሁንም «አይደገፍም» ካሉ አትጨቃጨቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ችግሩ በሚደገፈው ኡቡንቱ ላይ ስለታየ እባካችሁ ምርመራውን በእሱ ላይ ቀጥሉ።» ከዚያ የሥራ ኃላፊው እንዲያየው ጠይቁ። ላይሰንሱን በአገር ውስጥ ሻጭ በኩል ከገዛችሁ ሻጩንም ኮፒ አድርጉት። ውል ማደሻው ሲቃረብ ሻጮች በጣም ትጉ ናቸው።

ከሊኑክሱ ወገን የሚቆምላችሁ ሰው መግዛት

ለሮኪ ሲአይኪው የሚባል ኩባንያ አለ፤ ያቋቋሙት የሮኪ መሥራች ግሬጎሪ ኩርትዘር ናቸው። ለአልማሊኑክስ ተክስኬር አለ፤ የክላውድሊኑክስ ክንፍ ነው። ለዴቢያን ፍሬክሲያን ጊዜያቸው ላለፈ ስሪቶች የደህንነት ጥገና ይሸጣል። ክፍያው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማውን ቀድማችሁ አስመጡ፤ የባንኩን ሂደት የሞከረ ያውቀዋል። ለአራት ማሽን አያዋጣም፤ የእኔ አስተያየት ነው። ሆስፒታል ወይም ባንክ ብሆን ግን አላቅማማም።

ሲስተማችሁን ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት

ይሄ ረጅም መንገድ ነው። ግን የማይሞከር አይደለም። አምራቹ አንድን ሲስተም የሚጨምረው ደንበኛ ሲጠይቅና መሞከሩ ሲቀልለት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በቲኬት ሳይሆን «ይህ ይጨመርልን» በሚል ጥያቄ (ፊቸር ሪኩዌስት) መልክ፣ ከተቻለም በሽያጭ ወኪሉ በኩል አቅርቡ። «ሮኪ ጥሩ ነው» አይበቃም። ስንት ማሽን እንዳላችሁ፣ የስንት ኮር ላይሰንስ እንደምትከፍሉ፣ ውሉ መቼ እንደሚታደስ ጻፉ። ብቻችሁን አታቅርቡ። ተመሳሳይ ሲስተም ያላቸው የሌላ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሰዎች በየራሳቸው ስም ይጠይቁ። አንድ ላይ የተፈረመ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ሆኖ ነው የሚቆጠረው።

ከጥያቄው ጋር የሙከራ ውጤት አያይዙ። ከአይኤስኦ ፋይል መጫን፣ በሴኪዩር ቡት መነሳት፣ ማሽኑ እየሠራ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር፣ ስናፕሾት ወስዶ መመለስ፣ ሲፒዩና ሜሞሪ ሳይጠፋ መጨመር፣ ከቴምፕሌት ማባዛት፣ ሰዓት አለመዛባት። ለእያንዳንዱ «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» በሉ፤ ያልሠራውን አትደብቁ። ያንኑ ሰነድ ለሊኑክሱ ማኅበረሰብም ላኩ። አምራቹ ስህተት ሲያገኝ ለማን እንደሚጽፍ ማወቅ ይፈልጋል፤ ያንን ስም ሊሰጡት የሚችሉት እነሱ ናቸው።

እስከዚያው አንዱን ማሽን በሚደገፍ ሲስተም ላይ ጭናችሁ አስቀምጡ። እኛ ያንን ኡቡንቱ አላጠፋነውም። ምንም ሥራ የለውም፤ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ እሱ ነው።